የእናትዎ ጎሳ

ባሌ አያውቅም። እናቴም አታውቅም፤ ብታውቅማ ዓይኔን ለማየት ትጠየፍ ነበር። እኛ ቤት የንስሐ አባት የሚባል የለም። ወንጌላዊው አባቴ «በቀጥታ ለጌታ ንገሪ» እያለ ነው ያሳደገኝ። ለጌታስ ነገርኩ? በጸሎት ሰዓት «በማወቅም ባለማወቅም ያጠፋሁትን» እያልኩ በጅምላ ነው የማልፈው። በጅምላ፣ እንደ እህል ነጋዴ! ነገሩን በስሙ ጠርቼው አላውቅም። እንግዲህ ዛሬ እርስዎ ይስሙኝ። ብቻ አደራ፣ አያባብሉኝ።

እኔ አንዲት ልጅ ካድኩ። በአንድ ቃል ነው የካድኳት። ቃሏ አጭር ናት፣ በሁሉም ሰው አፍ በቀን መቶ ጊዜ የምትመላለስ ናት። ለዚህ ይሆን ስትወጣ ያልከበደችኝ?

ያኔ ሶዶ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ የኮምፒውተር ክፍል እሠራ ነበር። ክፍል ማለት እኔ፣ ሁለት ጠረጴዛና ቀኑን ሙሉ የሚያቃስት አንድ ሰርቨር ማለት ነው። ተማሪዎች በኢንተርኔት የሚመዘገቡበት፣ ውጤት የሚያዩበት፣ ትምህርት የሚያቋርጥም ካለ «ዊዝድሮው» ብሎ የሚያመለክትበት ገጽ ነበረን። መግቢያው ግን መሳቂያ ነበር። የመታወቂያ ቁጥርህን ትጽፋለህ፤ ፓስወርዱም ያው የመታወቂያ ቁጥርህ ነው። በር ቆልፎ ቁልፉን እዚያው በሩ ላይ ትቶ እንደ መሄድ። ልጆቹ የጓደኛቸውን ውጤት ከፍተው ግቢ ውስጥ ያወራሉ። አንዱ ደግሞ ለቀልድ ብሎ የጓደኛውን ትምህርት ሰርዞበት ድብድብ ተነሣ። በዚህ ጊዜ ዲኑ ጠራኝና «ሐና፣ ይሄን መግቢያ አሻሽይልን፤ ከክልል እንግዶች ሊመጡ ነው» አለኝ። ሁሉም መሥሪያ ቤት በአንድ ለአምስት ተደራጅቶ «የለውጥ ሠራዊት» የሚባልበት ዘመን ነው። ለእንግዳ የሚታይ ለውጥ ያልራበው አለቃ አልነበረም።

ሠራሁት። መብራት ሲሄድ እየተሳደብኩ፣ ሲመጣ እየመረቅኩ ሠራሁት። ፓስወርዱ ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት እንዲሆን፣ ሦስት ጊዜ የተሳሳተ እንዲቆለፍበት አደረግኩ። የቀረኝ አንድ ነገር ነበር፤ ፓስወርዱን የረሳ ተማሪ እንዴት ይግባ? በኢሜይል እንዳልል፣ የግማሾቹን ኢሜይል የከፈተላቸው የኢንተርኔት ቤት ሰው ነው፤ ፓስወርዱንም የሚያውቀው እሱ ነው። በስልክ መልእክት መላክ ደግሞ ያኔ ለኛ ኮሌጅ የማይታሰብ ነበር። ስለዚህ የምስጢር ጥያቄ ቀረ። ተማሪው አስቀድሞ መልሱን ያስገባል፤ ፓስወርዱን የረሳ ዕለት ጥያቄው ይመጣለታል፤ ከመለሰ ይገባል። ያወረድኩት የፈረንጅ ፕሮግራም የራሱ ጥያቄዎች ነበሩት። የመጀመሪያ ውሻዎ ስም ማን ነበር? ያደጉበት ጎዳና ስም? የመጀመሪያ መኪናዎ ምን ነበረች? ብቻዬን ሳቅሁ። የኛ ውሻ ስሙ ውሻ ነው። ያደግኩበት መንገድም ስሙ «ከወፍጮ ቤቱ በታች» ነው። መኪና እንኳ ይቅር።

እነሱን አጥፍቼ የራሴን ጥያቄ ጻፍኩ። የእናትዎ ጎሳ ማን ነው?

ወላይታን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። እኛ ጋ ሰው የአባቱን ጎሳ ይዞ ይወለዳል፤ የእናቱ ጎሳ ደግሞ አጎቶቹ ናቸው፣ ከዚያም ሚስት አያገባም። የሁለት ሰዎች እናቶች ከአንድ ጎሳ ከሆኑ፣ ተያይተው ባያውቁም የእህትማማች ልጆች ናቸው። አባቴ ግን «በክርስቶስ ጎሳ የለም» ባይ ነበር፤ ቤታችን መጥቶ ጎሳ ያነሣ እንግዳ ሻዩን ሳይጨርስ ወሬ ይቀየርበታል። የእናቴን ጎሳ ያወቅኩት አድጌ ነው። ጓሮ ጎደሬ ስንልጥ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ በሹክሹክታ ነገረችኝ፤ «ለአባትሽ እንዳትይ» አለችኝ። ስለዚህ በእኔ ጭንቅላት የእናት ጎሳ ማለት የምስጢር ሁሉ ምስጢር ነበር። በጥያቄዬ እንዴት እንደ ኮራሁ! ከፈረንጅ የተሻለ፣ ለአገሩ የሚሆን ነገር የፈጠርኩ መስሎኝ። ይህን የምነግርዎ ሰበብ ልፈጥር አይደለም። ደግሞስ ሰበብ ቢሆን ምን ይጠቅመኛል? ስህተቱ ኃጢአት አልነበረም። ኃጢአቱ ከዚያ በኋላ ነው።

አዲሱን ፓስወርድ ለመክፈት ተማሪዎቹ ቢሮዬ በር ላይ ተሰለፉ። አንድ በአንድ እየገቡ መልሳቸውን ይጽፋሉ ብዬ ነበር ያሰብኩት። ምን ይጽፋሉ! ጥያቄውን ጮክ ብለው ያነባሉ፤ መልሱንም ጮክ ብለው ይናገራሉ። ከወደ ኋላ አንዱ «እንዴ! የእኔም እናት ከዚያው ናት እኮ!» ይላል። ሌላው «እኔ ራሴ የዚያ ጎሳ ነኝ፤ አጎትህ ነኛ፣ ቅድሚያ ስጠኝ!» ብሎ ይጋፋል። ሳቁ፣ መተቃቀፉ፣ በወላይትኛ «ሳሮ! ሳሮ!» እያሉ ሰላም መባባሉ ሌላ ነው። ሰልፉ የዘመድ መገናኛ ሆነ። አንዲት ቀጭን ልጅ ተራዋ ደርሶ ገባችና ጻፈች፤ ስትጽፍም ተናገረች። የጎሳውን ስም ስሰማ ደንግጬ ቀና አልኩ። እናቴ በሹክሹክታ የነገረችኝ ስም ነው።

ሳላስበው «የእኔም እናት ከዚያ ናት» አልኳት።

ልጅቷ ብድግ ብላ ጉንጬን ሳመችኝ። «ታዲያ እህቴ ነሻ! እትዬ!» አለች። ስሟ መሠረት ነው፤ የነርሲንግ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ፣ አገሯ ከቢጠና ወዲያ። ከዚያን ቀን ወዲህ ለተግባር ልምምድ ዱቦ ሆስፒታል ሄዳ ስትመለስ እንኳ፣ እግሯ አቧራ እንደለበሰ ብቅ ብላ «እትዬ፣ ደህና ነሽ?» ሳትለኝ አታልፍም። እኔም፣ በአባቴ ቤት ዘመድ አልባ ሆኜ ያደግኩት፣ ደስ አለኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ግን አየሁ እኮ። ያን ሰልፍ በዓይኔ አየሁ። ጥያቄዬ ምስጢር አለመሆኑን፣ ሰው ገና ሲተዋወቅ የሚጠያየቀው የሰላምታ ማሟያ መሆኑን በጆሮዬ ሰማሁ። ይሄ መግቢያ ክፍት ነው፣ ከበፊቱም የባሰ ክፍት ነው ብዬ ያን ቀን ማጥፋት ነበረብኝ። አላጠፋሁም። እንግዶቹ ሊመጡ ነዋ! ዲኑ ስለ አዲሱ መግቢያ ሪፖርት ጽፏል። እንግዶቹም መጡ፣ እኔም ቆሜ አስረዳሁ፣ ተጨበጨበልኝ። «ጥያቄው ከባህላችን የተወሰደ ነው» ስል ከሁሉም በላይ ተጨበጨበ። በወሩ የክፍሉ ኃላፊ ሆንኩ። የማንን ኃላፊ? የሁለት ጠረጴዛና የአንድ ሰርቨር።

ከሴሚስተሩ ዕረፍት በኋላ አንድ ማለዳ መሠረት በሩጫ መጣች። ክፍል ውስጥ ስሟ አልተጠራም፣ ሆስፒታል ከሚሄዱትም ውስጥ የለችም። ከፍቼ አየሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ ሰው በእሷ ቁጥር «ፓስወርድ ረሳሁ» ብሏል፤ ጥያቄው መጥቶለት በአንድ ጊዜ መልሷል፤ ከዚያ ዊዝድሮው ብሎ አጽድቋል። ሰርቨሩ እንደሚያውቀው ከሆነ መሠረት ራሷ ትምህርቷን አቋርጣለች።

ልጅቷ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። «ወንድሜ ነው» አለች። አባታቸው ከሞተ በኋላ ያሳደጋት ታላቅ ወንድሟ፣ በዴሳ ከተማ እህል የሚነግደው ማርቆስ ነው። በዕረፍቱ «ይበቃሻል፤ ጥሩ ባል መጥቶልሻል» ብሏት እምቢ ብላ ነው የመጣችው። በኮሌጁ ደንብ ደግሞ ያቋረጠ ተማሪ ዓመት ጠብቆ፣ አመልክቶ ነው የሚመለሰው። ዓመት ቤቱ ከተቀመጠች እንደሚድራት እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። እጇን ያዝኳት። «አይዞሽ፣ እኔ አለሁ» አልኳት። እኔ አለሁ! ይህን ያለው ይሄው አፌ ነው።

ኮሚቴ ተቀመጠ። ዲኑ፣ ሬጅስትራሩ፣ ከአዲስ አበባ የመጣችው የነርሲንግ ክፍል ኃላፊ፣ እና እኔ። መሠረት ነጠላዋን ጥብቅ አድርጋ በሩ አጠገብ ቆመች። የነርሲንግ ኃላፊዋ ደግ ሴት ናት፤ «ሌላ ሰው በስሟ ሊገባ አይችልም ወይ?» ብላ ጠየቀች። መሠረት ቀደመችኝ። «ይችላል እንጂ፣ ቲቸር። መልሱን እኮ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። እትዬ ሐናም ታውቀዋለች፤ የእኔና የእሷ እናት ጎሳቸው አንድ ነው።»

ዲኑ የወላይታ ሰው ነው፣ ሬጅስትራሩም የወላይታ ሰው ነው። የሁለቱንም የእናት ጎሳ አብረዋቸው የሚውሉት ሁሉ ያውቁታል፤ እነሱም የሁሉንም ያውቃሉ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ዲኑ እስክሪብቶውን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ቀና ብሎ አየኝ። «ሐና፣ የዚችን ልጅ የእናቷን ጎሳ ታውቂዋለሽ?»

አውቀዋለሁ ብል ምን ይመጣ ነበር? መግቢያው ክፍት ነው ማለቴ ነው። እንግዶቹ ያጨበጨቡለት ነገር ባዶ ነው ማለቴ ነው። የዲኑ ሪፖርት፣ የእኔ ኃላፊነት፣ ሁሉም ይቀራል። ሌላስ? ሌላ ምንም። ማንም አያስረኝም፣ ማንም አይገርፈኝም። ልጅቷ ግን ክፍሏ ትመለስ ነበር። ይህን ሁሉ በዚያች ቅጽበት አሰብኩት ብል ውሸት ነው። ምንም አላሰብኩም። አፌ ከእኔ ቀድሞ ተናገረ።

«አላውቅም» አልኩ።

አላውቅም አልኩ። እናቴ በሹክሹክታ የሰጠችኝን፣ ከእሷ የተቀበልኩትን ብቸኛ ምስጢር፣ አላውቅም አልኩ። ልጅቷን ብቻ ነው የካድኩት? የራሴን እናት አልካድኩም? አባቴ ስለ ጴጥሮስ መካድ ሲሰብክ ሁልጊዜ እንባዬ ይመጣ ነበር። ጴጥሮስ እንኳ ዶሮ ጮኾለታል፤ ለእኔ የጮኸልኝ የሬጅስትራሩ ስቴፕለር ነው። ወረቀቶቹን አንድ ላይ አድርጎ ቀጭ አደረጋቸው፣ አለቀ።

መሠረት አየችኝ። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ብትሰድበኝ ኖሮ ዛሬ ትንሽ ይቀለኝ ነበር። አልተሳደበችም። እኔን ያሳፈረችኝ እሷ የሆነች ይመስል አንገቷን ደፍታ «እሺ» አለችና ወጣች።

በሳምንቱ አልቻልኩም፣ ዲኑ ዘንድ ሄድኩ። «የዚያችን ልጅ ጉዳይ እንደገና እንየው፤ መግቢያው ችግር ሊኖርበት ይችላል» አልኩት። ችግር ሊኖርበት ይችላል! እዚያም እንኳ ደፍሬ አውቅ ነበር አላልኩም። እሱም ረጋ ብሎ «ሐና፣ አላውቅም ያልሽው እኮ አንቺው ነሽ። ቃለ ጉባኤው ተፈርሟል» አለኝ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ስሟን ሰርቨሩ ላይ በራሴ እጅ ልመልሰው ሞከርኩ፤ መለስኩትም። ግን የሆስፒታሉ ምደባ አልፎ፣ መዝገቡ ተዘግቶ ስለነበር ሬጅስትራሩ በነጋታው አይቶ «ስህተት ነው» ብሎ መልሶ አወጣው። ስልክ ደወልኩላት፤ ያነሣው ወንድ ነው፤ ዘጋሁት። ቢሮዬ ተመልሼ ቁጭ አልኩ። ያ ሁሉ ማሽን በእጄ ነው፤ አንዲትን ልጅ ወደ ክፍሏ መመለስ ግን አቃተኝ።

ጥያቄውን ከዚያ በኋላ አጠፋሁት። የረሳ ተማሪ መታወቂያውን ይዞ ራሱ ቢሮ ይምጣ ብዬ ለወጥኩት። አንድ ከሰዓት በኋላ ነው የፈጀብኝ። ማንም አላስተዋለም፣ ማንም ለምን ብሎ አልጠየቀኝም። ለአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው ያ ሁሉ የሆነው።

ዓመቱ ሞላ፣ መሠረት አልተመለሰችም። ሌላም ዓመት አለፈ። ከዚያ የእናቴ ጎሳ የሆኑ አንድ ሽማግሌ ሞቱና እናቴ «አጎትሽ ናቸው፣ ትሄጃለሽ» አለችኝ። አባቴ ካረፈ ወዲህ ጎሳዋን በግልጽ ነው የምታወራው። ከቢጠና ወዲያ በእግር የሚያስኬድ መንደር ነው። ለቅሶው ላይ አንድ ወፍራም ሰው አጠገቤ ተቀመጠና ተዋወቀኝ፤ ማርቆስ ነው። የኮሌጁ ሠራተኛ መሆኔን ሲሰማ ደስ አለው። «ያ ኮምፒውተር ያንቺ ሥራ ነው አሉ? ጎበዝ ነሽ!» አለኝ። «ቁጥሯን አውቃለሁ፣ ያስመዘገብኳት እኔ አይደለሁ? ሶዶ መነኸሪያው ጋ ኢንተርኔት ቤት ገባሁ። ጥያቄውን ሳይ ሳቄ መጣ። እኔን ስለ ገዛ እናቴ ይጠይቀኛል እንዴ!» ምንም ክፋት ፊቱ ላይ የለም። እህቱን ለጥሩ ሰው ድሯል፤ ከዚያ በላይ ወንድም ምን ያደርጋል? በዘመድነት ነው የሚያወራኝ። እኔም አንገቴን ነቀነቅኩ። ከሱ የባስኩት እኔ ነኝ፤ በምን አፌ ልገሥጸው?

በዚህ መሐል ሙሾው ደርቶ አንዲት አሮጊት ወደቁ። ሴቶቹ ተንጫጩ፣ ውኃ ውኃ ተባለ። ልጅ ያዘለች አንዲት ሴት ሰዉን ገፍታ ገባች፣ ተንበረከከች፣ የአሮጊቷን እግር ከፍ አስደረገች፣ በሁለት ጣቷ የእጃቸውን የደም ሥር ያዘች። መሠረት ናት። ከስታለች። በግራ እጇ ደረቷ ላይ የሆነ ነገር ስትፈልግ አየሁ፤ ነርሶች ሰዓት የሚያንጠለጥሉበት ቦታ ነው። ምንም የለም። ዞር ዞር አለችና አየችኝ። ሳትናገር የእኔን እጅ ጎትታ ወደራሷ አመጣችና ሰዓቴን እያየች መቁጠር ጀመረች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ያዘለችው ልጅ ትከሻዋ ላይ ተኝቷል። እጄን አልለቀቀችውም።

አሮጊቷ ዓይናቸውን ገለጡ። በመጀመሪያ ያዩት እኔን ነው። «ይቺ ልጅ የማን ናት?» አሉ። ከሞት አፋፍ ተመልሰው እንኳ የሚጠይቁት ይህንኑ ነው። ሴቶቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ። አሮጊቷ ደገሙ፤ «እናቷስ ከማን ጎሳ ናት?»

አፌን ከፈትኩ። ቃሉ አልወጣም። ያ አፍ፣ ለክፉ ጊዜ እንደዚያ የፈጠነው አፍ፣ ደረቀ። መሠረት እጄን ሳትለቅ መለሰችልኝ። የጎሳውን ስም፣ የእናቴን ጎሳ፣ የእሷን እናት ጎሳ፣ ጥርት አድርጋ ተናገረችው። «የእኛ ናት፣ እማማ» አለቻቸው። «እህቴ ናት፤ ሶዶ ነው ያለችው፣ ትልቅ ሠራተኛ ናት።» ከዚያ እጄን ወደ ጭኔ መለሰችልኝ፣ ያዘለችውን ልጅ ወደ ላይ አስተካከለችና ውኃ ልታመጣ ሄደች።

ተከትያት ልሄድ ተነሣሁ፤ ሁለት እርምጃ ተራምጄ ቆምኩ። ምን እላታለሁ? ይቅር በይኝ ብላት ይቅር ትለኛለች። ይህን አውቃለሁ፤ እዚያው ውኃውን እንደያዘች «ኧረ እትዬ፣ ተይው» ትለኝ ነበር። ከዚያስ? እኔ ቀሎኝ ሶዶ እገባለሁ፤ እሷ እዚያው ትቀራለች። ስለዚህ አልጠየቅኳትም። ይህ ራሱ ፍርሃት ይሁን ሌላ፣ እስከ ዛሬ መለየት አቅቶኛል።

እርስዎንም ይቅርታ አልጠይቅም። ይቅርታው የእርስዎ አይደለም። ያን ቀን ኮሚቴው ፊት ያልወጣውን ቃል አንድ ሰው እንዲሰማልኝ ብቻ ነው የፈለግኩት። እሷ በሩ አጠገብ ነጠላዋን ጥብቅ አድርጋ እንደቆመች፣ ዲኑ እስክሪብቶውን ከፍቶ እየጠበቀ።

አውቅ ነበር። መሠረት፣ አውቅ ነበር።